ከጎን ያለው በር

ቁልፍ ሠሪው ሞርሳ ላይ ያሰረውን ቁልፍ እየሞረደ ሳለ ፖሊሱ መጥሪያውን መደርደሪያው ላይ አኖረለት። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ፈረመ። ሞርዱን ግን መልሶ አላነሳውም። ወረቀቱ አጭር ነበር። ዐቃቤ ሕግ የእስራቱ ገደብ ተነሥቶ ወኅኒ እንዲወርድ ጠይቋል፤ ቀጠሮው ለነገ ጠዋት ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ደንበኛ፣ ቁልፌን አባዝተህ አስቀርተሃል ብሎ በሰው ፊት ሌባ አለው። እሱም በቡጢ መንጋጋውን ሰበረው። ሁለት ዓመት ተፈረደበት፤ ዳኛዋ ግን ቅጣቱን በገደብ አቆየችለት። ሦስት ዓመት ሌላ ወንጀል ካልሠራ፣ የሰውዬውም ደጅ ድርሽ ካላለ አይታሰርም። ገደቡ ሊያልቅ አምስት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

ባለፈው ወር ሕፃን የታቀፈች ሴት መጣች። በሩ ተቆልፎብኛል፣ ምድጃ ላይ ድስት ጥጃለሁ አለችው። ተከትሏት ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። የሙያው ወግ የታወቀ ነው። ቁልፍ ሠሪ የማያውቀውን ቤት ከመክፈቱ በፊት የጎረቤት በር ያንኳኳል፤ ጎረቤቱ አጠገቡ ቆሞ የእሷ ቤት ነው ካላለ መፍቻ አያወጣም። በዚያ ፎቅ ላይ የነበረው ሌላ በር አንድ ብቻ ነው። የማን ቤት እንደሆነ ከበሩ ላይ ካለው የስም ጽሑፍ አወቀ፤ ያ መንጋጋው የተሰበረው ደንበኛ ነው። እዚህ እንደሚኖር አያውቅም ነበር። ለማንኳኳት ያነሳውን እጅ መልሶ ኪሱ ከተተው። ሕፃኑ ያለቅሳል። መታወቂያ ጠየቃት፤ ውስጥ ነው አለች። ከፈተላት።

ሴትየዋ የቤቱ ሰው አልነበረችም። ባለቤቶቹ ሲመለሱ ባዶ ቤት ጠበቃቸው። እሷ የገባችበት አልታወቀም። የእሱ ሱቅ ግን የት እንዳለ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ በግብረ አበርነት ተከሰሰ።

ከሰዓት በኋላ ሚስቱ አጎቷን ይዛ መጣች። አጎትዬው ጡረታ የወጣ ሹፌር ነው፤ ተላጭቶ ኮት ለብሷል።

"ደረጃው ላይ ነበርኩ ይላል" አለች። "ጎረቤት መስዬው ጠየቀኝ፣ እኔም የእሷ ቤት ነው አልኩት፣ ተሳሳትኩ ይላል። በቃ።"

"ያን ፎቅ አይተውት ያውቃሉ፣ ጋሼ?"

"ፎቅ ምን ይታያል ልጄ። ደረጃ አለው፣ በር አለው።"

ማንም አልሳቀም። ቁልፍ ሠሪው መሬት መሬት እያየ፣ "ያየኝ ሰው አለ" አለ። "መታወቂያ ስጠይቃት በሩን ገርበብ አድርጎ ቆሞ ነበር። ሁሉንም ሰምቷል።"

ሚስቱ ማንን ማለቱ እንደሆነ ገባት።

"እሱ ነው የሚያወጣህ? ሦስት ዓመት ሙሉ ይህችን ቀን ሲጠብቅ የኖረ ሰው? ቀብርህ ላይ አፈር ለማልበስ እንጂ ለሌላ አይመጣም።"

ቁልፍ ሠሪውንም ሲያስጨንቀው የሰነበተው ይኸው ነው። ሰውዬው ጎረቤቱን ያውቃል። ሴትየዋ የቤቱ ሰው አለመሆኗን እያየ ትንፍሽ ሳይል በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

በማግሥቱ ችሎቱ ሞልቶ ነበር። አጎትዬው ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚናገረውን በከንፈሩ ያጠናል። ቁልፍ ሠሪው ዞር ሲል ኋላ ወንበር ላይ ሰውዬውን አየው። ማንም አልጠራውም። መንጋጋው ወደ ግራ ተጣሞ ድኗል፤ ስለዚህ እየሳቀ ይሁን አይሁን አይለይም። ሰውዬው ዓይኑን ከቁልፍ ሠሪው ላይ አላነሳም።

ዐቃቤ ሕጉ ማመልከቻውን አንብቦ ተቀመጠ። በሩ አጠገብ የቆሙት ሁለት ፖሊሶች ጠጋ አሉ። ዳኛዋ ከመዝገቡ ቀና ብላ፣ በሩን ስትከፍት ጎረቤት ጠይቀሃል ወይ አለችው።

"አልጠየቅኩም፣ ክብርት ዳኛ።"

ሚስቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

"የሚመሰክርልህ ሰው አለ?"

አጎትዬው ጉሮሮውን ጠርጎ ለመነሣት ወንበሩን ተደገፈ።

"እርስዎ ይቀመጡ፣ ጋሼ" አለ ቁልፍ ሠሪው። ከዚያ ወደ ኋላ በእጁ አመለከተ። "አንድ አለኝ። እዚያ ጥግ ያለው፣ መንጋጋውን የሰበርኩት ሰው። ያየውን ይናገር።"