ጸበልና የክረምት ውሃ

ለተብርሃን የጸበሉን ኩባያ ወደ ቦታው ልትመልስ በመስኮቱ ብርሃን ስታልፍ ነው ነገሩ የታያት። ኩባያው ውስጡን ዙሪያውን ነጭ ቅርፊት ይዟል። በጥፍሯ ብትፍቀው እንደ ኖራ ተፈረፈረ። የማንቆርቆሪያዋ ሆድም የቧንቧ ውሃ ሲፈላበት እንዲሁ ነጭ ይይዛል። ይህን ኩባያ በየወሩ በእጇ ስትይዘው ኖራለች፤ ቅርፊቱን ግን ዛሬ ገና አየችው። መኪናዋ ደግሞ ከማለዳ ጀምሮ መንገድ ላይ ናት።

መኪናዋ ባሏ ግርማይ ትቶላቸው የሞተው አሮጌ ፒካፕ ናት። ልጃቸው ነህምያ በእሷ ከለገጣፎ ወተት እያመጣ ለቦሌ ቤቶች ያድላል። ጉርድ ሾላ ያለው ቤታቸውም የሚኖረው በዚያው ወተት ነው።

ግርማይ በሕይወት ሳለ አንድ የማይዛነፍ ሥርዓት ነበረው። ክረምት ሲገባ የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች ጣሪያውን እንዲያጥቡ ይተዋቸዋል። ቆርቆሮው ከጠራ በኋላ በርሜሉን ከአሸንዳው ሥር ያቆማል፤ የሞላውንም ውሃ በነጠላ አጥልሎ በጀሪካን ያስቀምጣል። መስከረም ሲጠባ የራዲያተሩን አሮጌ ውሃ ከሥር ከፍቶ ያፈሳል፤ የሚወጣው እስኪጠራ ድረስ ደጋግሞ ያጥበዋል፤ ከዚያ በክረምቱ ውሃ ይሞላዋል። «የሰው ኩላሊት የሚጠላውን ራዲያተርም ይጠላዋል» ይል ነበር።

ለተብርሃን ይህን ሁሉ አጠገቡ ቆማ አይታለች። በርሜሉንም ከሞተ ወዲህ በየክረምቱ የምታቆመው እሷ ናት። ነገር ግን ፍርሃት ከዕውቀት ይቀድማል። ያን ዘመን ወጣት ለውትድርና በቀበሌ ጥበቃዎች ከመንገድ ይታፈስ ነበር። ነህምያ ሃያ ዓመቱ ነው። መኪናዋ እየሄደች ሳለ ማንም ዞር ብሎ አያየውም፤ ወተት አመላላሽ ነው፣ ያውቁታል። መንገድ ዳር ቆሞ የተገኘ ቀን ግን ማን ይመልሰዋል? ስለዚህ መኪናዋ እንዳትቆም ነበር ጸሎቷ። በየወሩ በሚካኤል ዕለት፣ ልጇ ጓሮ ፊቱን ሲታጠብ፣ የራዲያተሩን ክዳን ትከፍትና አንድ ኩባያ ጸበል ትጨምራለች። ጸበሉን እህቷ ኣብርሀት ናት ከፍል ውሃ የምታመጣላት። እንኳን ኩባያ፣ ድንጋዩን የሚያነጣ ውሃ ነው።

ነህምያ ቀትር ላይ ይመለስ ነበር። ፀሐይዋ ማዘቅዘቅ ስትጀምር የግቢው በር ተንኳኳ። ለተብርሃን ሮጣ ከፈተችው። ከለገጣፎ ወተት የምትሸጥላቸው ሶሬቲ ናት፤ እግሯ ጉልበቷ ድረስ አቧራ ለብሷል።

«ለተ፣ ልጅሽ መኪናዋን ከትልቁ ግራር ሥር አቁሟታል። እንደ ድስት ትጨሳለች።»

«እሱስ?»

«ውስጥ ነው። ‹ለእናቴ እንዳትነግሪ› አለኝ። እኔ ደግሞ መቼ ሰው ሰምቼ አውቃለሁ።» ሶሬቲ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጥበቃዎቹ ከታች በኩል ናቸው። ሁለት ልጆች እየነዱ ሲወስዱ አይቻለሁ። ፍጠኚ፣ እኔ ቤቱን እጠብቃለሁ።»

ለተብርሃን የክረምቱን ውሃ ጀሪካን አንጠልጥላ ወጣች። በአስፋልቱ ዳር ስትሄድ ልጇን በሐሳቧ ስንት ጊዜ ቀበረችው። ጸጉሩን ላጩት፤ ካሚዮን ላይ ጫኑት፤ ወደ ሰሜን ወሰዱት፤ በእናቷ አገር፣ በአጎቶቹ ልጆች ላይ ጠመንጃ አስያዙት። እዚህ ስትደርስ ጀሪካኑን ከቀኝ እጇ ወደ ግራ ታዛውረውና እንደገና ከካሚዮኑ ትጀምራለች።

መኪናዋ ከግራሩ ሥር ኮፈኗ ተከፍቶ ቆማለች። ነህምያ እናቱን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«አደይ፣ ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

«ከወተቱ ጣሳዎች መሀል ተኛና ሸራውን ልበስ።»

«እስክትበርድ ነው እኮ፤ አሁን—»

«ተኛ አልኩህ።»

ተኛ። እሷ ሸራውን አለበሰችውና ጀሪካኑን እግሯ ሥር አስቀምጣ ከሞተሩ ፊት ቆመች። ብዙም አልቆየ፣ ሁለት ጥበቃዎች ከእርሻው በኩል ብቅ አሉ። አንደኛው ዕድሜው የገፋ፣ ጠመንጃውን እንደ ከዘራ የሚመረኮዝ ሰው ነው። ሌላው ገና ጢሙን ያላበቀለ ወጣት።

«ሹፌሩ የታለ?» አለ ወጣቱ።

«ባለቤቴ ነው። መካኒክ ሊጠራ ሄዷል።»

«ስሙ?»

«ግርማይ።» የሟች ስም እንዲህ ቀሎ ከአፏ መውጣቱ ራሷን አስደነገጣት።

«ታዲያ ውሃ ይዘሽ ምን ያስቆምሻል? ለሞተሩ ነው ወይስ ለጸሎት?»

«ሲበርድ ነው የሚጨመረው። ግሎ ሳለ ቀዝቃዛ ውሃ ካገኘው ይሰነጠቃል።»

«እመቤቲቱ፣ እኛን መኪና ታስተምሪ ጀመር? ታንክ ስንነዳ ነው የኖርነው» አለና ወጣቱ እጁን ወደ ራዲያተሩ ክዳን ሰደደ።

በለተብርሃን ልብ አንድ ክፉ ሐሳብ አለፈ። ይክፈተው። ይቃጠል። ይዘውት ወደ ሐኪም ይሮጣሉ፣ ልጄም ይተርፋል። እጇ ግን ሐሳቧን አልጠበቀም፤ የወጣቱን ክንድ ቀጨም አድርጋ ያዘች።

«ተው ልጄ። እንፋሎቱ ፊትህን ይልጠዋል።»

ክዳኑ ሥር የታፈነው ውሃ እንደ መስማማት ሲስ አለ። ወጣቱ ወደ ኋላ ሸሸ። ሽማግሌው ትከሻው እስኪነቀነቅ ሳቀ።

«ታንክ ነጂው፣ ከወተት መኪና ተማር እንጂ።»

ከዚያ እየሳቀ መኪናዋን መዞር ጀመረ። ለተብርሃን ዓይኗን አስከተለችው። ከኋላ በኩል፣ ከሸራው ጠርዝ፣ የነህምያ ጫማ ጫፍ ወጥቷል። እሷ ያየችው ሽማግሌው ካየው በኋላ ነው። ሰውየው ሳቁን አቆመ። ጫማውን አየ፤ ቀና ብሎ እሷን አየ፤ እንደገና ጫማውን አየ። ለተብርሃን የሚካኤልን ስም መጥራት አቃታት።

«ለባልሽ ንገሪው» አለ በመጨረሻ። «ሸራውን ሳብ አድርጎ ይሰረው። ነፋስ ይገልጠዋል።» ወደ ወጣቱ ዞረና «እንሂድ» አለው። «እናንተም ሳይመሽ ግቡ።»

ከዓይን እስኪሰወሩ ድረስ አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ ጎንበስ ብላ ሸራውን ገለጠች። የነህምያን ሸሚዝ ላቡ ከጀርባው ጋር አጣብቆታል። በየተራ እጃቸውን ሞተሩ ላይ እየጫኑ እስኪያስችል ጠበቁ።

ነህምያ ባልዲ ደቅኖ የራዲያተሩን መፍሰሻ ከፈተ። የወጣው ውሃ አልነበረም፤ አጓት ውስጥ ዝገት የበጠበጡ ይመስል ነበር፣ ነጭ ፍርፋሪ እየጣለ በግድ የሚንጠባጠብ። ለተብርሃን ተቀመጠች።

«ጥፋቱ የኔ ነው። በየወሩ እኔ—»

«አውቃለሁ አደይ።»

«ምኑን?»

«ክዳኑ ሲከፈት ይጮኻል እኮ። ፊቴን እየታጠብኩ እሰማሻለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«እሱ የሚያስተኛሽ ከሆነ ብዬ ነዋ።» ነህምያ መፍሰሻውን በሽቦ ጎረጎረው። «መስከረም ላይ እንደ አባዬ ላጥበው ከሥሩ ገብቼ ነበር። ከዚያ ጸበል መሆኑ ትዝ አለኝ። ግቢያችንን ሁሉ ሰው ይረግጠዋል፣ የት ላፍስሰው? ነገ አልኩ፤ ከዚያም ነገ አልኩ። ይኸው ኅዳር ገባ።»

ለተብርሃን ልትቆጣው አፏን ከፍታ መልሳ ገጠመችው። እሷም ብትሆን እዚያው ላይ ነበር የምትቆመው፤ ጸበል እግር በሚረግጠው መሬት አይደፋም። ባልዲውን ራሷ አንሥታ ከግራሩ ጀርባ ዞረች። እሾህ የከበበው፣ ሰውም ከብትም የማይደርስበት ሥር ፈልጋ ቀስ እያለች አፈሰሰችው፤ አማተበችም። ስትመለስ ከክረምቱ ውሃ ጥቂቱን ጨመሩ፣ አጠቡ፣ ያንንም ወስዳ እዚያው ደፋችው። በቀረው ሞሉት።

«ይህ ቤት ያደርሰናል እንጂ አልጠራም» አለ ነህምያ። «ነገ አልወጣም። በርሜሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ ብጨርስም እስኪጠራ አጥበዋለሁ።»

ወተቱ እንደሆነ ረግቷል። ሞተሩ ግን ተነሣ። ነህምያ እግሩን ከነዳጁ ላይ ቀለል አድርጎ፣ ዓይኑን ከሙቀቱ መለኪያ ሳይነቅል ነዳ። እናቱ ደግሞ ዓይኗን ከመንገዱ ግራና ቀኝ አልነቀለችም። ጉርድ ሾላ ሲደርሱ ፀሐይዋ ጠልቃ ነበር። ሶሬቲ የግቢውን በር ወለል አድርጋ ከፈተችላቸው።

«ጭሱ የታለ?» አለች።

«ከግራሩ ሥር ቀረ» አለ ነህምያ።

ሶሬቲ በዚያ ሰዓት ወደ ለገጣፎ መሄድ አትችልምና እዚያው አደረች። እራት ሲያበቃ ለተብርሃን ኩባያውን ከመደርደሪያው አወረደች። ነጩን ቅርፊት በዓመድ ፈትጋ አጠበችው፤ ከጸበሉ ጥቂት ቀዳችበትና ወዴት እንደምትሄድ እንደጠፋት ሰው ቆመች።

ነህምያ አያትና ጎንበስ ብሎ አንገቱን ዘረጋላት። «ከእንግዲህ እኔን አጥምቂኝ አደይ። መኪናዋን ተያት።»

ግንባሩን አራሰችው። ውሃው በአፍንጫው ወርዶ በአገጩ ሲንጠባጠብ እንደ ሕፃንነቱ ዓይኑን ጨፈነ።

ከዚያ ፋኖስ ይዛ ወጣች። ራዲያተሩ አፍስሶ እንደሆነ ለማወቅ ከመኪናዋ ሥር መሬቱን በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ደረቅ ነው። ነገ ይህ ልጅ ቤት ይውላል። ከነገ ወዲያ ወተቱ እንደገና ይጠብቀዋል፤ መንገዱም፣ ሽማግሌው የሌለባቸው ሌሎች ጥበቃዎችም። ይህን ታውቀዋለች። የግቢውን በር ገፍታ ገጠመችው፤ መወርወሪያውን ከዳር እስከ ዳር አስገባችው፤ ቁልፉን አዞረች።