ቤቢ አለፈች

የኒኮላስ መልእክት የደረሰው ደልፊና ልብስ እያሰጣች ሳለ ነው። ኒኮላስ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነው። የደልፊናን የኮሌጅ ጓደኛ ቤቢን አግብቶ ሠላሳ ዓመት ኖሯል። ማውራትም መጻፍም አይሆንለትም።

«ቤቢ ዛሬ ጠዋት አለፈች» ይላል። «ብዙ ደከመች፣ በመጨረሻ ዐረፈች። ስለ ጸሎታችሁ እግዜር ይስጥልን።»

ደልፊና እርጥቡን አንሶላ እንደያዘች ቆመች። ቤቢ ባለፈው ወር በቀዶ ሕክምና የሐሞት ጠጠር አስወጥታ ነበር። ድናለች ተብሎም ነበር። ለኒኮላስ ደወለች፤ አያነሳም። ለቤቢ ደወለች፤ ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ። ለሷ መደወሏ ራሷንም ግራ አጋባት።

የመምህራን ኮሌጅ ጓደኞቿን ወሬ የምትሰበስበው ደልፊና ናት። ማን አያት ሆነ፣ ማን ርእሰ መምህር ተደርጎ ተሾመ፣ የማን ልጅ ዱባይ ሥራ አገኘ፣ ሁሉም የሚነግረው ለሷ ነው፤ እሷም በስልክ ግሩፓቸው ላይ ትለጥፈዋለች። የሰውን ወሬ የያዘ ስለ ራሱ ብዙም አይጠየቅም። ባሏ አርሴንዮ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። እሱንም ያረዳቻቸው በአንድ መስመር ነበር።

የቤቢንም በአንድ መስመር ጻፈችና ከሥሩ የሻማ ምስል አስገባች። ወዲያው ግሩፑ በሻማ ተሞላ።

ከሰዓት በኋላ ሦስት ሆነው ከኢሎኢሎ ከተማ ወደ ቤቢ መንደር ወደ ሚያጋው ተነሡ። መኪናውን የሚነዳው በቅርቡ ከባንክ ጡረታ የወጣው ቲኪዮ ነው። የትምህርት ቤት ሱፐርቫይዘሯ ፍሎር ከፊት ወንበር ላይ ትልቅ የአበባ ጉንጉን ታቅፋለች።

«ቀስ በል አንተ! በአንድ ቀን ሁለት ለቅሶ አታድርግብን።»

«አበባሽ ነው የጋረደኝ። ትንሽ ይበቃል ስልሽ!»

«ለቤቢ ትንሽ? በሠርግህ ዕለት ሦስቴ ተነሥታ ነው የበላችው።»

«አራቴ» አለ ቲኪዮ። ሊስቅ ጀመረና ሳቁ መንገድ ላይ ቀረ፤ በእጁ ጀርባ አፍንጫውን ጠረገ።

ደልፊና ከኋላ ተቀምጣ ባሕሩን ታያለች። አርሴንዮ የሞተ ጊዜ ሰው ሁሉ መጥቶ አጽናንቷት ሄዷል። ቤቢ ግን እሑድ እሑድ ደረቅ ዓሣ ይዛ እየመጣች፣ አንድም ነገር ሳትጠይቅ አጠገቧ ትቀመጥ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ «አንድ ቀን ስለሱ ታወሪኛለሽ። አልቸኩልም» ብላታለች። ደልፊናም አንድ ቀን እነግራታለሁ እያለች ሦስት ዓመት አለፈ። የሚነግሩት ሰው የሚጠፋ አይመስልም ነበር።

መንገዱን ዘግቶ ድንኳን ተተክሏል። የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል፣ ወንዶቹ ካርታ ይጫወታሉ። ከበሩ በላይ የቤቢ ፊት ያለበት ሰፊ ሸራ ተወጥሯል። ፍሎር ፊቱን ስታይ ከሥሩ የተጻፈውን ለማንበብ አልጠበቀችም፤ ጮኻ አለቀሰች። ቲኪዮ ጉንጉኑን ተሸክሞ ወረደ። ድንኳኑ ውስጥ ሲዘፍን የነበረው ሰው ማይኩን እንደያዘ ዝም አለ።

ኒኮላስ እየሮጠ መጣ። ልጁን ክርስትና ያነሣችለት ደልፊና ናት።

«አበልጄ! እንኳን መጡልኝ!»

«እግዜር ያጽናዎት» አለችና አቀፈችው።

«ለምኑ?» አለ ኒኮላስ።

ከጓሮ ድምፅ መጣ፦ «አንተ ኒኮላስ! አሳማውን ማን ያገላብጥልህ? ማነው የመጣው ደግሞ?»

ሽርጥ ያሰረች፣ ጭልፋ የያዘች ቤቢ ብቅ አለች።

«ኢየሱስ፣ ማርያም፣ ዮሴፍ!» አለች ፍሎር፤ ቲኪዮንም ጨምድዳ ያዘችው።

ቤቢ ጉንጉኑን አየች። ሪባኑን ቀና አድርጋ አነበበች። «በሰላም ዕረፊ። ከክፍል ጓደኞችሽ።» ቀና ብላ አየቻቸው። «ምነው፣ ቸኮላችሁ?»

«ባልሽ ነው አለፈች ያለው!» አለ ቲኪዮ።

«አለፈች እኮ!» አለ ኒኮላስ፣ ሸራውን እያሳየ። «የመምህርነት ፈቃድ ፈተናውን! ውጤቱ ዛሬ ጠዋት ነው የወጣው።»

«ዐረፈች ብለዋል!» አለች ፍሎር።

«ታዲያ አላረፈችም? ስትሸመድድ እያደረች እኔስ መቼ ተኝቼ ዐውቃለሁ?»

ቤቢ በሰበካው መዋዕለ ሕፃናት ያለ ፈቃድ ስታስተምር ነው ያረጀችው። ሦስቴ ከወደቀች ወዲህ ትታዋለች ብለው ነበር።

«ምነው ሳትነግሪን ተፈተንሽ?» አላት ቲኪዮ።

«ብወድቅ ደልፊና ትለጥፈኛለቻ! አልፌም ገደለችኝ እኮ።»

ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ። ደልፊና ያገኘችው ወንበር ላይ ቁጭ ብላ እሷም ሳቀች፤ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ሳቀች፤ ማቆም አቃታት። ቤቢ ጭልፋውን ለኒኮላስ ሰጥታ መጣች። በሽርጧ ጫፍ ፊቷን ጠረገችላት፤ ሽርጡ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል።

«አለሁ» አለቻት ቀስ ብላ። «በይ አሁን ብዪ። ከስተሻል፤ አስጠላሽኝ።»

ሪባኑን ቆርጠው ጉንጉኑን በሩ ላይ ሰቀሉት፤ አበባ አበባ ነው ተብሎ። ግሩፑን «ሟች» ራሷ በድምፅ አነጋገረች፤ ሻማ የለጠፉትን በየተራ ሰደበቻቸው።

ሲመሻሽ ቲኪዮና ፍሎር ሄዱ። ደልፊና በኋላ በጂፕኒ ታክሲ እሄዳለሁ ብላ ቀረች። እሷም በመጨረሻ ስትነሣ፣ ቤቢ ነጠላ ጫማዋን አድርጋ አብራት ወጣች።

በአገራቸው ልማድ በለቅሶ ቤት እንግዳ አይሸኝም። አርሴንዮ የሞተ ሰሞን ቤቢ ሁልጊዜ ብቻዋን ነበር ወጥታ የምትሄደው። ዛሬ ግን ክንዷን ይዛ በሩን፣ ድንኳኑን፣ ቤተ ክርስቲያኑን አለፈች። ጂፕኒው ማቆሚያ ደረሱ። አንዱ ጂፕኒ መጥቶ ቆመ፤ ረዳቱ ግቡ ግቡ አለ።

«አርሴንዮ» አለች ደልፊና፤ ስሙን ጮክ ብላ ከጠራችው ቆይታለች። «አርሴንዮ የመጨረሻ ቀን ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ?»

ቤቢ ረዳቱን ሂድ ብላ በእጇ አሰናበተችው።