ፒካፗ የምትችለው

የእህቴን ቤት ጠቅልዬ ጭኜ ሚዛን ላይ ሳወጣው የኔ እቃ እንደሌለበት አወቅኩ።

እህቴ አዋላጅ ነች። ከተራራው ማዶ ያለው ከተማ ሆስፒታል ተከፍቶ እዚያ መደቧት። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። መርፌ ነው የምንለው፤ ከሲታ ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ ነገርም ይወጋል። ጥርሷን እየነቀለች ያለች አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። እኔ ታላቅ ነኝ። አላገባሁም፣ አልወለድኩም። እናታችን ስትሞት እህቴ ገና ልጅ ነበረች፤ እኔ አሳደግኳት። ስታገባም ከእነሱ ጋር ቀረሁ፣ የኋላዋ ክፍል ውስጥ። ፒካፕ አለችኝ፤ የሰው እቃ እየጫንኩ እኖራለሁ።

ምደባው የወጣ ሰሞን እህቴ፣ "ቤቱ እኮ ግቢ አለው" አለችኝ። "ፒካፕሽ ዘና ብላ ነው የምትቆመው።"

ከዚህ በላይ ምን ይጠየቃል? እሄዳለሁ ማለት ነው አልኩ። ደንበኞቼን ተሰናበትኩ። ሴራሚክ ነጋዴው፣ "አሁን ማን ነው ሳይሰብር የሚያደርስልኝ?" ብሎ አላዘነብኝ። ሌላ ሹፌር አገናኝቼው ተገላገልኩ። ተጎታች ተከራየሁ።

ከዚያ ጭቅጭቁ መጣ።

መርፌ ሦስት የስፌት መኪና አለው። የድሮ ናቸው፣ ከነጠረጴዛቸው ብረት ብቻ፤ አንዷን ለማንሳት ሦስት ጎረምሳ ያቃስታል። እነሱን፣ የቤቱን እቃ ሁሉ፣ የኔን አልጋ፣ ቁም ሳጥኔን፣ ክሪክና ሰንሰለት የማስቀምጥበትን የብረት ሳጥን፣ በዚያ ላይ አራታችንን ጋቢና ውስጥ ጠቅጥቆ በአንድ ጉዞ ሊገላገል ነበር ያሰበው።

"አይሆንም" አልኩት።

"ለምን አይሆንም? ሞተሯ ጉልበተኛ ነው ስትዪ አይደል እንዴ የምትውዪው?"

"በሞተር ብቻ አይጎተትም።"

"ታዲያ በምንድን ነው? በጸሎት?"

ልጅቷ ሳቀች። እኔ ማስረዳት አልወድም፤ አንዴ ብቻ ነው የምናገረው።

"ስማ። መጎተትማ ትጎትታለች። ችግሩ ማቆሙ ነው። ቁልቁለት ላይ ያ ሁሉ ብረት ከኋላህ ሲገፋህ ፍሬኑ ይይዝልሃል ወይ? ሻንሲው ይሸከመዋል ወይ? ባሌስትራው? መጎተቻው የታሰረበት ቡሎን? ዳገቱን ውሃዋን ሳታፈላ ትወጣዋለች ወይ? ከነዚህ ሁሉ ደካማው የቱ ነው? ልኩ እሱ ነው። ሞተሩ ቢያገሳ ምን ይሠራልሃል?"

"ደካማውስ አንቺ ነሽ። ፈርተሻል።"

"አዎ ፈርቻለሁ። ልጅሽን ገደል ከትቼ ለእህቴ ምን ልበላት?"

ንዴት ላይ ስሆን ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ ነው የማደርገው። ማንም አላረመኝም።

የሹፌሩን በር ከፍቼ ጠርዙ ላይ ያለችውን ቆርቆሮ አሳየሁት። መኪናዋና ተጎታቹ አንድ ላይ ሆነው ማለፍ የሌለባቸው ቁጥር እዚያ ተጽፏል።

"ይሄውልህ። ይሄን ያህል ትጎትታለች ብለው ሲሸጡልህ የኋላ መጫኛዋ፣ ካሶኒዋ፣ ባዶ ሆኖ፣ ውስጧም አንድ ሹፌር ብቻ ተቀምጦ ነው። አንድ ሰው። ሁለተኛ ሰው በገባ ቁጥር ከሚጎተተው ላይ ይቀነሳል። አንተ ስትገባ አንተን የሚያክል እቃ ይወርዳል።"

"እሱን የሚያክል እቃማ ምን አለን?" አለች እህቴ። "መጥረጊያው ነዋ!"

ሁላችንም ሳቅን። መርፌ ራሱ ሳቀ። "እንግዲህ እንደ ድንች መመዘናችን ነው" አለ።

ተስማማን። እነሱ በአውቶቡስ ይሄዳሉ፤ እኔ ብቻዬን እቃውን እጎትታለሁ። እንደዚያም ሆኖ ከልኩ ያልፋል። መርፌ ከስፌት መኪናዎቹ አንዷንም አልተውም አለ። ደግሞ እንጀራው ነው፣ አልፈረድኩበትም።

"በቃ የኔ ቁም ሳጥን ይቅር" አልኩ። "ልብሴ ሻንጣ ውስጥ ይገባል።"

እህቴ ከምታጥፈው አንሶላ ላይ ቀና አለች። "ሌላም ነገር ካለ ተዪው እትዬ፣ እንዳትጨናነቂ።"

አሰበችልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

"አክስቴ፣ አዲሱ ቤት የኔ ክፍል ሮዝ ነው የሚቀባው" አለች ልጅቷ።

"የእኛ ክፍል በዪ።"

"አይ፣ የኔ ብቻ ነው። አባዬ ነው ያለው።"

"አባትሽ ያላለው ምን አለ!"

መርፌ ለነገር መልስ አጥቶ አያውቅም። ያን ጊዜ አቀርቅሮ ክር ማስገባት ያዘ። የልጅ ወሬ ነው ብዬ አለፍኩት።

የመሄጃው ቀን በጠዋት አልጋዬን ፈታትቼ፣ ከብረት ሳጥኑ ጋር ክፍሌ በር ላይ አስቀመጥኩ። ለጫኞቹ፣ "ይሄ ብረት ነው፣ ከፊት በኩል ጫኑት" ብዬ ፒካፗን ጋራዥ ወሰድኳት፤ ለዚያ ቁልቁለት ፍሬኗ መታየት ነበረበት። ተጎታቹን ግቢ ውስጥ ትቼላቸው ነው የሄድኩት።

ስመለስ ተጭኖ አልቋል። ሸራው ተወጥሯል። ገመዱ እንደ ኮት ጠርዝ ተስተካክሎ ታስሯል።

"ልብስ ሰፊ ሲያስር እንዲህ ነው!" አለ መርፌ። "አንዲት ማንኪያ አትወድቅልሽም።"

"ሁሉም ገባ?"

"የሚገባው ሁሉ ገብቷል።"

ክፍሌ ገብቼ ማየት ነበረብኝ። ቸኩዬ ነበር። ተጎታቹን አያያዝኩ። እህቴ አውቶቡስ ላይ ቦታ ልትይዝ ከኔ ጋር ጋቢና ገባች፤ መርፌና ልጅቷ ቤቱን ለባለቤቱ አስረክበው ሊከተሉ።

ከግቢ ስወጣ አንድ ነገር አላማረኝም። የፒካፗ ጀርባ ዝቅ ማለት የሚገባውን ያህል ዝቅ አላለም። እንዲህ የሚሆነው ከባዱ እቃ ወደ ኋላ ከሄደ ነው። ያ ደግሞ ከብዛቱ ይብሳል፤ ጭራው የከበደ ተጎታች የመኪናውን ቂጥ ያነሳና ቁልቁለት ላይ እንደ ውሻ ጭራ ይወዘውዝሻል። ወደ እህል መጋዘኑ ታጠፍኩ። እዚያ የመኪና ሚዛን አለ።

"ወዴት ነው? መናኸሪያው በዚህ አይደል እንዴ?" አለች እህቴ።

"ላስመዝነው ነው።"

"ተዪው እትዬ፣ ይመሽብሻል።"

"በጠዋቱ?"

የሻርፗን ጫፍ ጣቷ ላይ መጠምጠም ጀመረች። ፈተና ስትወድቅም እንዲህ ነበር የምታደርገው።

ባለሚዛኑ የድሮ ወዳጄ ነው። ከመስኮቱ ብቅ አለና፣ "እሜቴ ዲዝል! ዛሬ ደግሞ የማንን ኑሮ ነው የምትጎትቺው?" አለኝ።

"የራሴን።"

ቁጥሩን አየና ሳቀ። "ይሄን ብለሽ ነው የመጣሽው? ገና ስንት ያስጭንሻል እኮ! እኔንም ብትወስጂኝ ትችያለሽ፤ ይህ ሥራ ሰልችቶኛል።"

ወረድኩ። መርፌ አንዷን የስፌት መኪና ትቷት ይሆናል ብዬ ነው። ጨክኖ ከተዋትማ ጎበዝ አልኩ። የመርፌን ስፌት ፈታሁና ሸራውን ገለጥኩ። ሦስቱም የስፌት መኪናዎች አሉ። ከፊት፣ ልክ መሆን ያለባቸው ቦታ። ፍሪጁ አለ። የነሱ አልጋ አለ። የልጅቷ አልጋ አለ። ምንጣፉ፣ ባልዲው፣ መጥረጊያው ሳይቀር አለ።

የኔ አልጋ የለም። ሳጥኔም የለም።

ወደ ጋቢናው ሄድኩ። እህቴ ፊት ለፊቷን እያየች ነው።

"አልጋዬ የታለ?"

"ቤት ነው።"

"ረሱት?"

"አልረሱትም።"

"እና?"

"እትዬ፣ ግቢ አለው እንጂ ክፍሉ እኮ ሁለት ብቻ ነው። ልጅቷም እያደገች ነው። እሱ ደግሞ የስፌት መኪናዎቹን የሚያስቀምጥበት..." ወደ መናኸሪያው መንገድ አየች። "አንቺም ሥራሽ እዚህ ነው። ደንበኞችሽ አሉ።"

"ደንበኞቼን ተሰናብቻለሁ።"

"እሱን አላወቅኩም።"

"እራት ላይ አልነገርኳችሁም እንዴ?"

ሻርፗን ፈታ መልሳ ጠመጠመች።

"መቼ ልትነግሪኝ ነበር?"

"ሸራው ሲገለጥ ታዪዋለሽ ብዬ... ከደረስን በኋላ፣ ተረጋግተን ስንቀመጥ።"

"ካደረስኩሽ በኋላ።"

"እንደዚያ አይደለም እትዬ! ስለ ኋላዋ ክፍል አከራዩን አናግረነዋል። ላንቺ በጣም ቀንሶ ሊሰጥሽ ተስማምቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጪያለሽ። ዓመት በዓል ትመጪያለሽ። እንግዳ መሰልኩሽ እንዴ?"

አከራዩ ከኔ በፊት ሰምቷል። ስንት ጊዜ በሩ ላይ ሰላም ብሎኛል። ጫኞቹም ሰምተዋል። በጠዋት፣ "ይሄ ከፊት በኩል" ስላቸው እሺ እያሉ አንገታቸውን ነቅንቀዋል።

የምለው ብዙ ነበረኝ። ትኩሳት ይዟት ደረቴ ላይ ያደረችባቸውን ቀናት፣ ትምህርቷን፣ ሁሉንም። ብጀምር አልጨርስም ነበር። ሸራውን መልሼ ማሰር ጀመርኩ። እንደ መርፌ አያምርልኝም ግን ይጠብቃል።

እህቴ ወርዳ አጠገቤ ቆመች። ገመድ ልትይዝልኝ እጇን ዘረጋች፤ ሰጠኋት። ተጋግዘን አሰርን።

"ሰውየው ቀሎሻል ነው ያለው አይደል?" አለች።

"አዎ።"

"እንግዲያው ሁላችንም ካንቺ ጋር መሄድ እንችላለን ማለት ነዋ? ለምን በአውቶቡስ እንሰቃያለን? ደውዬለት እዚሁ ይምጡ። በመንገድም እናወራለን። ልጅቷም በአንቺ ጋቢና ካልሄድኩ ብላ ስታለቅስ ነው ያደረችው።"

ፊቷ ትንሽ በራ። ከልቧ ነው ያለችው። ስትለምነኝ እንደምታደርገው ትከሻዬን ያዘች።

በጭንቅላቴ ደመርኩት። መርፌ ምኑም አይመዝን። እህቴ፣ ልጅቷ፣ የያዙት ሻንጣ። የኔ አልጋና የኔ ሳጥን ከወጡ በኋላ ሦስቱም ገብተው ለፍሬኑም፣ ለባሌስትራውም፣ ለዳገቱም ይተርፋል። ባለሚዛኑም ሰምቶናል፤ ክርኑን መስኮቱ ላይ አድርጎ ያየኛል።

በሥራዬ ላይ ለማንም ዋሽቼ አላውቅም። ሰው ለምኖኝ፣ ገንዘብ ጨምሮልኝ፣ ትችላለች በዪ ብሎኝ የማትችለውን ትችላለች ብዬ አላውቅም። የምትችለውንም አትችልም ብዬ አላውቅም።

"አትችልም" አልኳት።

"ቀሏል አልሽ እኮ።"

"ዳገቱ አለ። ታፈላለች። ከአንድ ሰው በላይ አትችልም።"

ባለሚዛኑን ቀና ብላ አየችው። እሱም ወደ ወረቀቶቹ ዞረ። እግዜር ይስጠው።

"እሺ እትዬ" አለች።

መናኸሪያው በር ላይ አወረድኳት። የአዲሱን ቤት ቁልፍ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ። "ቀድመሽን ከደረስሽ ጠብቂን። እራት አብረን እንበላለን። ዛሬ እኛ ጋር ታድሪያለሽ፣ እሺ?"

"የት ላይ?"

ከኋላዬ አንድ ታክሲ ጡሩንባውን ነፋብኝ። ማርሽ አስገብቼ ሄድኩ።

ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ወጣሁት። አላፈላችም። የሙቀት መለኪያዋ ቀስት ከመሀል ንቅንቅ አላለም። አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ የልጅቷ የፀጉር ማስያዣ ወድቋል፤ በየመጠምዘዣው ከዳር ዳር ይንሸራተታል። ጫፍ ላይ ደርሼ ቆምኩ፣ ጎማዎቹን በእግሬ መታ መታ አደረግኩ፣ መጎተቻውን አየሁ። ውሃ ጠጣሁ። ሹፌሮች ሲያልፉ እጃቸውን ያነሳሉ፣ አነሳሁላቸው። ቁልቁለቱን በማርሽ ያዝኳት፤ ፍሬኑ እንዳይግል እየረገጥኩ እየለቀቅኩ። ተጎታቹ ቀጥ ብሎ ተከተለኝ።

ቀድሜያቸው ደረስኩ። ክፍሉ ሁለት ነው፣ አልዋሸችም። ግቢው ሰፊ ነው። ከመንገድ ላይ ጎረምሶች ጠርቼ አስወረድኩ። የስፌት መኪናዎቹን ብርሃን የሚያገኙበት መስኮት ሥር አስቀመጥኩለት። የልጅቷን አልጋ ገጣጠምኩ፣ የነሱንም ገጣጠምኩ፣ አንሶላ አነጠፍኩ። የፀጉር ማስያዣዋን ትራሷ ላይ አደረግኩላት።

ከዚያ ባዶውን ተጎታች አያያዝኩ። ቁልፉን ጎረቤት ላለችው ሴትዮ ሰጥቼ መኪናዋን ወደ መጣሁበት አዞርኩ።