ዩምና ለአባቷ ስታነብ

ኡምሰልማ ልጇን ከመዋዕለ ሕፃናት ያስወጣቻት፣ መምህርቷ «ልጅሽ ትንሽ ዘገምተኛ ናት» ባለቻት ቀን ነው። ስድስት ዓመት ላልሞላት ልጅ! ሌሎቹ ሀ ሁ ሂን በዜማ ሲያንበለብሉት ዩምና በመስኮት ውጭ ውጭ ታያለች አሉ። ኡምሰልማ ደግሞ ልብስ ሰፊ ናት፤ ተቻኩሎ የተሰፋ ነገር ተመልሶ እንደሚፈታ ታውቃለች። የልጇን እጅ ይዛ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ወዳለው ቤቷ ወጣች።

«ከዛሬ ጀምሮ እኔው ነኝ የማስተምርሽ» አለቻት።

ባሏ መንሱር ነገሩ አልተዋጠለትም። ከቃሊቲ ኮምቦልቻ በአይሱዙ ጭነት የሚያመላልስ ሰው ነውና ሁሉም ነገር በሰዓቱ እንዲደርስ ይፈልጋል።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብትለው፣

«ያንቺ እንቁላል እስኪራመድ እኩዮቿ ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ» አላት።

ቢሆንም እስከ ነሐሴ ማለቂያ ጊዜ ሰጣት። ያኔ ዩምና አንድ ገጽ ካነበበችለት እቤት መማሯን ትቀጥላለች። ካላነበበች ግን መስከረም ላይ ወደዚያው ትምህርት ቤት ትመለሳለች።

የእነሱ ትምህርት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትምህርት አይመስልም ነበር። ኡምሰልማ የስፌት መኪናዋ ላይ ትቀመጣለች፤ ዩምና ከፊት ለፊቷ በርጩማ ላይ፤ መጽሐፉ በመካከላቸው። እናት አንድ እጅጌ ገጥማ እስክትጨርስ ልጅ አንድ ቃል ላይ ልትቆይ ትችላለች፤ ማንም አያጣድፋትም። «ጎ»ን ስለወደደቻት ሳምንቱን ሙሉ ጎመን፣ ጎማ፣ ጎረቤት ሲሉ ከረሙ። አንዳንድ ቀን ማንበብ ጭራሽ አያሰኛትም፤ ቁልፍ በየቀለሙ ስትለይ ትውላለች። ኡምሰልማ እንዲህ ደስ ብሏት የሠራችበት ዓመት ትዝ አይላትም።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል መንሱር ከመንገድ ገባ። ምሳውን በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ዩምናን አጠገቡ አስቀመጠና መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ከፊቷ ዘረጋው።

«በይ እስቲ፣ የኔ ልጅ።»

ዩምና ገጹን አየችው። አንገቷን ወዲህ ዘመም፣ ወዲያ ዘመም አደረገች። ትናንት ይህንኑ ገጽ ስታንበለብለው አልነበረም እንዴ?

«አታውቂውም?» አላት መንሱር። አልተቆጣም፤ አዘነ እንጂ። ለኡምሰልማ የባሰው ይሄ ነበር።

«እንዲህ አይደለማ!» አለች ዩምና። መጽሐፉን አዞረችው። ሥዕሉ ላይ ያለችው ዶሮ እግሯን ወደ ላይ ሰቅላ ቀረች። ዩምና ጣቷን ከታች፣ በቀኝ በኩል አሳረፈችና ጀመረች፦ «ዶሮዋ ጓሮ ገባች። ጎመን አየች። ጎመኑን በላች።»

መንሱር ሚስቱን አየ። ኡምሰልማ በርጩማውን አየች፣ የስፌት መኪናዋን አየች፤ ነገሩ የገባት ያኔ ነው። ዓመቱን ሙሉ መጽሐፉ ፊቱን ያዞረው ወደ እሷ ነበር። ልጅቷ ፊደልን ከማዶ ሆና፣ ተገልብጦ ነው የለመደችው። የጨርቅን ውስጥና ውጭ በዳበሳ የምትለይ ሴት ይህን ሳታይ ዓመት አለፈ! እፍረት ፊቷን አጋለው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «ገልብጬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ከፈለግህ መልሳት።»

መንሱር ሳቁ አመለጠው።

«ስልሳ ልጅ ያለበት ክፍል ውስጥ ቢሆን ይሄን ማን ያይላት ነበር? ዘገምተኛ ብለው ይተዋታል እንጂ፣ ወላሂ! የትም አትሄድም።» ኡምሰልማ ዓመቱን ሙሉ የያዘችው ትንፋሽ የወጣላት መሰላት። «ማቃናቱ አይቸግርም፤ በርጩማውን ወደ አንቺ ጎን ታዞሪዋለሽ። ለዛሬ ግን እንደለመደችው ታንብብልኝ።»

ተነሣና ከጠረጴዛው ማዶ፣ ፊደሉ ቀጥ ብሎ ከሚታይበት በኩል ተቀመጠ። እሱም ስድስተኛ ክፍል ላይ አቋርጦ ከወጣ ወዲህ ከታፔላና ከጭነት ወረቀት በቀር ያነበበው የለም። ዘይት የጠገበ ጣቱን ከልጁ ጣት ኋላ አስከተለ፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ዩምና ዶሮዋን ከጓሮ አስባርራ ቀጣዩን ገጽ ልትገልጥ ስትል መዳፉን ወረቀቱ ላይ ጫነ።

«ቆይ አንቺ፣ ቀስ በይ» አላት። «አልደረስኩብሽም።»

ዩምና ጣቷን ካለበት ሳታነሣ ጠበቀችው።