የሄለን መድህን እና የአያ አለበል ካርድ

ልጄ ሄለን ለደም ብዛትሽ ብላ ከመስቀል ወዲህ ጎንደር አምጥታ አስቀምጣኛለች። ቤቷ ሸጋ ነው፤ ሶፋው ሲቀመጡበት ሰው ይውጣል። ጎረቤቱ ግን በሩን ዘግቶ ነው የሚኖር። ማን ከማን እንደተጣላ እንኳ ሳላውቅ ይመሻል። ይህም ኑሮ ተብሎ!

ትናንት ባሏ ህሩይ ከሥራ ገብቶ አጠገቤ ቁጭ አለ።

"እማማ፣ የመሥሪያ ቤታችን ኢንሹራንስ እናትንም ይይዛል ተባለ። ፒያሳ ያለ የግል ክሊኒክ ነው። ወረፋ የለ፣ መድኃኒቱም እዛው።"

"ምነው፣ የአገሬ ካርድ ምን አጠፋ?" አልሁት። አገሬ ትክል ድንጋይ በባሌ በአያ አለበል ስም የወጣ የጤና መድህን አለን፤ ባልና ሚስት በአንድ ካርድ ነን።

ሄለን ከጓዳ ሰማችኝ። "እማ፣ በዛ ካርድ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ነው የምትሄጂ። እነሱ ካልቻሉ ነው ሪፈር ጽፈው ጎንደር የሚልኩሽ። መድኃኒት አልቋል ያሉሽ ቀንስ?"

"ወረፋው ላይ ጎረቤቴን አየለችን አገኛታለሁ።"

"ለወሬ ነው እንዴ ጤና ጣቢያ የምትሄጂ?"

"ደም ብዛቴ የሚወርድልኝ የሷን ወሬ ስሰማ ነው!"

ህሩይ ሳቀ፤ ሄለን አልሳቀችም። እውነቷን ነው። ክረምት ላይ ራሴን ስቼ ስወድቅ መኪና በጭቃው አልገባ ብሎ፣ የሰፈሩ ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ ነው ያደረሰኝ። የሷ መድህን እንደሚሻል አይጠፋኝም። ጣጣው ግን የከተማ መታወቂያ ይፈልጋል፤ ለመታወቂያው ደግሞ ከቀበሌዬ መሸኛ ማምጣት አለብኝ። ከአያ አለበል ቤት ስሜ ተሰርዞ፣ ለቃ ሄዳለች ተብሎ ሊጻፍብኝ ነው። ያን የሚያስጽፈው ደግሞ እሱ ራሱ! ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ኖረን፣ ካርዱ ላይ ብቻውን ሊቀር!

ደወልንለት። ሄለን ሁሉንም አስረድታ ስልኩን ሰጠችኝ።

"የልጅቱ ይሻልሻል" አለኝ። "ነገ ቀበሌ ሄጄ መሸኛውን አስጽፋለሁ።"

"አንተስ?"

"እኔ ምን እሆናለሁ። ላሟም ደህና ናት።"

ነፋሱ በስልኩ ይሰማኛል። ከደጃፉ ድንጋይ ላይ እንደተቀመጠ አወቅሁ፤ ኔትወርክ ሌላ ቦታ አይገኝም።

"ካሰች" አለኝ። "በርበሬውን የት ነው ያኖርሽው?"

እንግዲህ ስሙልኝ፤ ከቤት ከወጣሁ ስንት ጊዜዬ! በርበሬው ደግሞ ሁልጊዜም ከምሰሶው ላይ በቅል ተንጠልጥሎ ነው። በገባ በወጣ ቁጥር ግንባሩን ይመታዋል።

"በስልክ አይነገርም" አልሁት። "መጥቼ አሳይሃለሁ። ቀበሌ ከሄድህ ካርዱን አሳድስ፤ የሁለታችንን።"

"ሸጋ" አለ ቶሎ ብሎ። ሐሳቤን እንዳልለውጥ ነው መሰል ስልኩን ዘጋው።

"እማ፣ ብትወድቂስ?" አለች ሄለን።

"መድኃኒቱን ቋጥረሽ ስጪኝ። ከወደቅሁም ሪፈር አስጽፌ እመጣብሻለሁ።"

ወደ ህሩይ ዞርሁ። "የትክል ድንጋይ መኪና ጠዋት የት ነው የሚቆም?"

እሱ እሷን አያት። እሷ መድኃኒቱን ለመቋጠር ጓዳ ገባች፤ ቆየችም።