የመሸኛ ተኩስ

"ጠመንጃህን ይዘህ አትገባም።"

ወይንእሸት የግቢውን በር ዘግታ ቆማለች። አንዷለም ከሞጣ በኩል ሌሊቱን ሙሉ በእግሩ ሲገሰግስ አድሮ፣ አባቱ በሞተበት ቤት ደጃፍ የገዛ ታናሽ እህቱ እንዲህ ትለኛለች ብሎ አላሰበም።

"የሞተው አባቴ ነው እኮ፤ ጎረቤት አይደለም" አላት።

"የኔስ ማን ሆነና! ለቅሶ መሀል ጠመንጃ ከላይ ከታየ ምን እንደሚመጣ ካንተ በላይ ማን ያውቃል?"

ማወቁንስ ያውቃል። ዐምና እስከዚህ ጊዜ ድረስ ቢቸና ውስጥ ባጃጅ ነጂ ነበር። መንገዱ ተዘጋ፣ ቤንዚን ጠፋ፣ ጓደኞቹ ከየቤታቸው እየተለቀሙ ታሰሩ። ሳይቀድሙኝ ብሎ ባጃጁን ሸጠና ክላሽ ገዛ፤ በሞጣ አካባቢ ከሸፈቱት ገበሬዎች ጋርም ተቀላቀለ። አሁን የመጣው አባቱን አቶ ሣህለ ማርያምን በወጉ ሊሸኝ ነው።

ወጉ ደግሞ ተኩስ ነው። በዚያ አገር የተከበረ ሰው ዝም ተብሎ አፈር አይገባም። ሣህለ ማርያም ምንሽሩን ይዞ ያልተገኘበት ቀብር አልነበረም፤ በድንበር ሲካሰሰው የኖረውን ባላንጣውን እንኳ ተኩሶ ሸኝቶታል፤ ከኀዘን ይሁን ከደስታ ብለው ያሙት ግን አልጠፉም። ስለዚህ አንዷለም ሁለት ጓደኞቹን ጓዴንና ባምላኩን አስከትሎ መጣ። እነሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ፣ ከገደሉ አፋፍ ቀርተዋል። እሱ የመጀመሪያውን ሲተኩስ እነሱ ሊቀበሉት ተስማምተዋል።

እንደ ምንም ተደራድረው፣ ክላሹን በጋቢ ጠቅልሎ ገባ።

እናቱ ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል ከአስከሬኑ ራስጌ ተቀምጠዋል። የልጃቸውን አንገት አቅፈው ካለቀሱ በኋላ ጋቢውን ዳሰሱና የያዘው ምን እንደሆነ ገባቸው።

"ተመስገን! እነዚህማ ዝም ብለን እንቅበረው ይሉኛል። የሰዉን ሁሉ አባት ተኩሶ የሸኘ ሰው እሱ እንደ ባይተዋር ይግባ?"

"እተኩስለታለሁ፣ እማዬ።"

የእድሩ ዳኛ አቶ ስጦታው ጥግ ላይ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ባለፈው ወር በማዶው መንደር ለአንድ ሽማግሌ ቀብር ተተኩሶ፣ ከከተማው ዳር ያለው የወታደሮች ካምፕ ውጊያ የተከፈተበት መስሎት በመድፍ መልሷል። ከቀባሪዎቹ ብዙዎቹ በማግሥቱ እዚያው ተቀበሩ።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ" አሉ። "ያ ክላሽ ድሮን ይጥላል?"

"አይጥልም።"

"ታንክስ ያቆማል?"

"አያቆምም። ግን ጋሼ ስጦታው፣ ድሮን ወርዶ ግብር አይሰበስብም፤ ታንክም ችሎት አይቀመጥም። አስፋልቱን ያዙ እንጂ አገሩን አልያዙም። ሲመሽ ከካምፕ የሚወጣ ወታደር አይተዋል?"

"አላየሁም፤ እውነትህን ነው። እናንተስ ከተማውን ይዛችሁ ሰነበታችሁ?"

"እንይዛለን፤ ሲበረቱብን እንለቃለን። እንዲህ እያልን ነው የምናደክማቸው።"

"ስትይዙም እኛ እዚሁ ነን፤ ስትለቁም እዚሁ ነን። አንተ ዛሬ ተኩሰህ ገደሉን ትወርዳለህ። ተኩሱ የተሰማው ግን ከዚህ መንደር ነው።"

አንዷለም በባጃጅ ዘመኑ ትራፊክ ፖሊስን ተከራክሮ የሚረታ ልጅ ነበር። አሁን ግን የተረታው እሱ ነው፤ መረታቱም አናደደው።

"በወጉ እቀብረዋለሁ!" ብሎ ተነሣ።

እድሩ ጥሩምባ አላስነፋም፤ መርዶውን በቃል ነው ያዳረሰው። ሰው እንዳይሰበሰብም ተወስኗል። ቄሱ፣ ቤተሰቡና ቃሬዛውን የሚሸከሙ አራት ሰዎች ብቻ ይሄዳሉ፤ ሌላው በየማሳው ይቆያል። ወሩ ታኅሣሥ፣ ጤፉም የሚታጨድበት ነውና ማሳ ላይ ጎንበስ ያለ ሰው ከላይ ለሚያየው ሥራ ላይ ነው።

ቃሬዛው ወጣ። አንዷለም ጋቢውን ታቅፎ ከኋላ ተከተለ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ አጫጆቹ አጎንብሰዋል፤ አስከሬኑ በአጠገባቸው ሲያልፍ ብቻ ቀና ይሉና ባርኔጣቸውን ያነሣሉ፤ ወዲያው ተመልሰው ያጎነብሳሉ። አንዱ የማጭዱን እጀታ ነክሶ ያለቅሳል። ጠመንጃ የሌለው ወንድ እዚያ አገር አይገኝም፤ ዛሬ ግን ሁሉም ቤቱ ትቶት መጥቷል። አንዷለም ሁሉንም በስማቸው ያውቃቸዋል። በወጉ ሊሸኙት አምሯቸው፣ ለልጆቻቸው ሲሉ እንደቻሉት ገባው። አሳዘኑት፤ አኮሩትም።

ከቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ሥር ሲደርሱ ከሰማይ ያ የድሮን ድምፅ መጣ፤ ቀጭን፣ የማያቋርጥ። ሁሉም ሰማው፤ ቀና ብሎ ያየ ግን የለም። ከገደሉ ማዶ ጓዴና ባምላኩ እየጠበቁ ነው። እናቱ ዘወር ብለው አዩት።

"አሁን ነው፣ ልጄ" አሉት ቀስ ብለው።

አንዷለም እናቱን አየ፤ የአጫጆቹንም ጀርባ አየ። የጋቢውን ጥቅል ለእህቱ ሰጣት።

"ያዥልኝ።"

ወይንእሸት ተቀብላ ነጠላዋን ደረበችበት። እሱ ወደ ፊት አለፈና ከተሸካሚዎቹ አንዱ የሆኑትን፣ በዳገቱ እስትንፋስ ያጠራቸውን አቶ ስጦታውን ትከሻቸውን ነካ አደረጋቸው።

"ይልቀቁልኝ፣ ጋሼ።"

ቃሬዛውን በትከሻው ተሸክሞ እንጨቱን በሁለት እጁ ያዘ፤ ማዶ ያሉት ሁለቱ ጓደኞቹ ጠመንጃ አለመያዙን እንዲያዩለት እጆቹን ከፍ አድርጎ ያዘ። አባቱ ከብዶታል። እንባው አሁን ገና መጣ፤ የሚያብስበት እጅ ግን አልነበረውም።

ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል ቆመው ሲያዩት ቆዩ። ከዚያ ጠጋ ብለው ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ አወረዱና አጥፈው አጥፈው በእንጨቱና በልጃቸው ትከሻ መካከል ሸጎጡለት።

"በል፣ ቀስ እያልክ" አሉት።