ሹሩባ የተሠራችው ፒካፕ

አዝመራ ለታናሽ እህቷ ሠርግ ሐዋሳ ወርዳ በአምስተኛው ቀን ስትመለስ፣ ግቢው ውስጥ የቆመችው ነጭ ፒካፕ የራሷ አልመሰለቻትም። ጎማዎቹ እስከ ግማሽ ድረስ ከበላያቸው ባለው ፓራፋንጎ ውስጥ ተሸጉጠዋል። ሆዷ መሬት ሊነካ ስንዝር ቢቀረው ነው። ሻንጣዋን እንደያዘች አንድ ጊዜ ዞረቻት። ታርጋው ያው ነው። በሩ ላይ የተለጠፈው «አዝመራ ላውንደሪ» የሚለው ጽሑፍም ያው ነው።

«ምን ሆና ነው?» አለች።

ባሏ ላጲሶ ከማጠቢያ ማሽኖቹ መሃል እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። የላውንደሪውን ማሽኖች የሚጠግነው እሱ ነው፤ ፒካፗን የምትነዳው ደግሞ እሷ። ፊቱ ስጦታ እንዳመጣ ሰው በርቷል።

«ዝቅ አስደረግኳታ! አታምርም?»

«ማንን ጠይቀህ?»

«ለአንቺው ብዬ እኮ ነው። የአንሶላ እስር ሽቅብ ስትወረውሪ ‹ትከሻዬን፣ ትከሻዬን› ትዪ አልነበር? ይኸው አሁን መጫኛዋ ወገብሽ ጋ ነው የሚደርስልሽ።»

ላጲሶ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሃያ ሁለት ሠፈር ከሚገናኛቸው ጓደኞቹ ጋር ስለ መኪና እንጂ ስለ ሌላ ነገር አውርቶ አያውቅም። ስልኩ መሬት ለመሬት በሚሄዱ ፒካፖች ፎቶ የተሞላ ነው። እሷ ከተማ እስክትለቅ ይጠብቅ እንደነበር ገባት። ይበልጥ ያናደዳት ግን የማግስቱ ጠዋት ነው። እስሮቹን ስትጭን እውነትም ቀለላት። ትከሻዋ ቀኑን ሙሉ አላመማትም። ይህን ለላጲሶ ትንፍሽ አላለችም።

ላውንደሪው ገርጂ ነው። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ላሉ ሆቴሎችና የእንግዳ ማረፊያዎች አንሶላ፣ ፎጣና የጠረጴዛ ልብስ አጥቦ፣ ተኩሶ ያስረክባል። እስከ ሰኔ አጋማሽ ድረስ የፒካፗ ዝቅ ማለት ከአሽሙር በቀር ያመጣው ነገር አልነበረም። የታክሲ ረዳቶች «እናቴ፣ ጎማው ተነፈሰ!» እያሉ ይቀልዱባታል፤ እሷም መስኮቷን ትዘጋለች። ከዚያ ዝናቡ ገባ። መንገዱም በየቦታው ተቆፍሮ ስለነበር ከገርጂ እስከ መድኃኔዓለም ያለው ሁሉ ቀይ ጭቃ ሆነ።

ጋራዡ ፒካፗን ዝቅ ሲያደርግ ከኋላ ጎማዎቹ ጀርባ የነበሩትን የጭቃ መከላከያዎች፣ መሬት ላይ ስለሚጎተቱ፣ ነቅሎ ጥሏቸዋል። ይህን ማንም ልብ አላለውም። ጎማዎቹ ግን የረገጡትን ጭቃ ሁሉ እየወረወሩ የኋላ በሩን ይለቀልቁታል። አንሶላው ከላይ በሸራ ቢሸፈንም መውረጃው ያው በኋላ በር ነው።

ራሕማ ከእነዚህ ሆቴሎች የአንዱ የክፍሎች ጽዳት ኃላፊ ናት። ከአዝመራ ጋር አራት ዓመት ሠርተዋል፤ በዓል በመጣ ቁጥር ይጠያየቃሉ። በሥራ ጉዳይ ግን ፊት አታይም። በሐምሌ መጀመሪያ አንዱን አንሶላ ገልጣ ዳር ዳሩ ላይ ያለውን ቀይ የጭቃ ነጥብ በጣቷ ተከተለችው።

«አዝመራ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ስናወርድ በሩ ነክቶት ነው።»

«እንግዳው እንደዚያ ብዬ ላስረዳው?»

አሥራ አራቱን አንሶላ መለሰችላት።

በዚያው ዕለት አዝመራ ሃያ ሁለት ከሚገኝ የመለዋወጫ መደብር ሁለት የጭቃ መከላከያ ገዛች። ሻጩ «ለሁሉም ፒካፕ ይሆናል» ብሏት ነበር። ሲገጠም አስፋልቱን እንደ መጥረጊያ ይጠርግ ጀመር። ላጲሶ ለክቶ ከታች ቆረጠላት። ባዶዋን ሳለች ልክ ነበር፤ ጭነት ሲገባባት ግን አራት ጣት ያህል ትወርዳለች። የገርጂ ኮብልስቶን በሦስት ቀን ውስጥ የቀረውን ስለበላው፣ ጎማው ጀርባ የተንጠለጠለው ነገር ከመዳፍ አይበልጥም ነበር። ራሕማ በዚያ ሳምንት ዘጠኝ አንሶላ መለሰች።

«በጣም ስስ ነገር ገዝተሽ ነው» አለ ላጲሶ። «ጠንካራውን እኔ አመጣዋለሁ።»

ያመጣው ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ ጥቁር ሆኖ በላዩ ቀይ የነበልባል ሥዕል አለበት። አዝመራ ነበልባሉን አይታ አፏ ድረስ የመጣውን ዋጠችው። ጭቃውን ከያዘ ይያዝ አለች።

ጭቃውን ያዘው። ሁለት ቀን ሙሉ የኋላ በሩ ነጭ ሆኖ ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን አዝመራ የሆቴሉ የዕቃ መግቢያ መወጣጫ ላይ ወደ ኋላ ስትሄድ፣ የቀኙ መከላከያ መወጣጫው ላይ ተደግፎ አልታጠፍ አለ። ጎማው ረገጠው። የሆነ ነገር ሲቀደድ ሰማች። ወርዳ ስታይ መከላከያው ከነብሎኑ ተነቅሎ፣ የባምፐሩን ጫፍም ይዞት መጥቷል። ከኋላዋ የአትክልት መኪና ጡሩንባ ይነፋባታል። ዘበኛው «ትንሽ ከፍ ብትል እኮ» ብሎ ሲጀምር «አውቃለሁ!» ብላ ጮኸችበት። ወዲያው አፈረች፤ ሰውየው ምንም አላጠፋም።

ራሕማ እስክትመጣ የዕቃ መግቢያው በር ላይ ቆማ ጠበቀች። ወደ ማቀዝቀዣው ክፍል በሚያስገባው በር ላይ ወፍራም የፕላስቲክ ጥብጣቦች ተንጠልጥለዋል። የሆቴሉ ሠራተኞች ጋሪ እየገፉ ሲገቡ ጥብጣቦቹ ይታጠፋሉ፤ ሲወጡም በተቃራኒው ይታጠፋሉ፤ ከዚያ ሁሉም በየቦታቸው ይመለሳሉ። አንዱም አይቀደድም። አዝመራ አምስት ስድስት ጋሪ ሲያልፍ አየች። ራሕማ መጥታ ስታናግራት የሰማቻት በሁለተኛው ነው።

ጋሽ ኑሪ ጎሮ መንገድ ዳር ካለች ቆርቆሮ ቤታቸው ሆነው ከአሮጌ ጎማ በረባሶና የዕቃ ማሰሪያ የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው። አዝመራ በማግስቱ ሄደች፤ ፒካፗንም እንደተጫነች አቆመቻት።

«የጭቃ መከላከያ እንዲሠሩልኝ ነው፣ ጋሽ ኑሪ። መሬት ሲነካ የማያልቅ፣ ወደ ኋላ ስሄድም ጎማው የማይነቅለው።»

ጋሽ ኑሪ ከተቀመጡበት ሳይነሱ ፒካፗን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ማየቱ ብዙ ጊዜ አልወሰደም።

«ልጄ፣ መኪናዋን ለምን ወደ ቦታዋ አትመልሻትም? ይኼ ሁሉ ጣጣ ምን ያደርጋል?»

«እሱን ለባለቤቴ ይንገሩልኝ።»

«እኔን ይሰማኛል?»

«እኔንም አልሰማኝ።»

ሽማግሌው ሳቁና ተነሱ። አዝመራ የምትፈልገውን መሬት ላይ በእንጨት ሣለችላቸው፤ ከላይ ጠንካራ የጎማ ቁራጭ፣ ከታች በጣት በጣት ስፋት የተሰነጠቀ ስስ ጎማ። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የተሰነጠቀ ነገር ጭቃ ያሳልፋል።»

«ሁለት ድርብ ያድርጉት። የኋለኛው የፊተኛውን ክፍተት ይዘጋል።»

«ከብዶ ይበጠስብሻላ።»

«ከተበጠሰ ያቺን አንዷን ጥብጣብ ነው የምቀይረው እንጂ ሙሉውን አይደለም። ብቻ ባዶዋን እንዳይለኩ፤ አሁን እንደተጫነች ይለኩልኝ።»

ጋሽ ኑሪ ትንሽ አሰቡ፤ ከዚያ ሜትራቸውን አንስተው ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። የላይኛውን ከከባድ መኪና ጎማ ጎን፣ የታችኛውን ከውስጠኛው ስስ ጎማ ቆረጡት። የመጀመሪያው ጠቦ ጎማውን ሙሉ በሙሉ አልሸፈነም፤ አፍርሰው እንደገና ጀመሩ። አዝመራ ስልኳን እያየች፣ ዝናቡን እያየች፣ ሰዓቱ እያለፈ ቆመች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በእያንዳንዱ ጎን አራት ብሎን አስገብተው፣ ሮንዴላ በሚባለው ሰፊ የብረት ቀለበት አጥብቀው ጨረሱ። ድንጋይ ላይ ወደ ኋላ ወጣችበት። ጥብጣቦቹ ታጠፉ፤ ስትወርድ ተመለሱ።

«ሠራ» አሉ ጋሽ ኑሪ፣ ራሳቸውም ያላመኑ ይመስል።

ላጲሶ ማታ ከፒካፗ ጀርባ ቆሞ በሳቅ ወደቀ። «ሹሩባ ሠራሻት እኮ! አዙዬ፣ እውነት ይኼን ይዘን ሰው ፊት እንወጣለን?»

«እኔ እወጣለሁ።»

ሳምንቱን ሙሉ አንድም አንሶላ አልተመለሰም። ራሕማ የኋላ በሩን በመዳፏ ዳሰሰችና እጇን አየችው፤ አቧራ ብቻ ነው። «እንዲህ ነው እንጂ» ብላ ፈረመች። አዝመራ ወደ ገርጂ ስትመለስ በሐምሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ሬዲዮ ከፈተች።

እሑድ የላጲሶ ጓደኛ የይትባረክ ሠርግ ነበር። ላጲሶ ሚዜ ነው፤ ፒካፗ ደግሞ ካሜራማኑ ቆሞባት ከሙሽሮቹ መኪና ፊት ፊት እንድትሄድ ተጠየቀ። አዝመራ እሺ አለች። እሷ ግን ከልብስ ተኳሾቹ አንዷ ታማ ስለቀረች የሰኞን አንሶላ ስትተኩስ ዋለች።

ሰኞ ጠዋት ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። ሠላሳ ስድስት አንሶላ ጭና ሸራውን ስታስር ወደ ታች አየች። ጎማዎቹ ጀርባ ምንም የለም። ስምንት ባዶ የብሎን ቀዳዳዎች ብቻ።

ላጲሶ ገና ሻይ እየጠጣ ነበር።

«የት አደረግካቸው?»

ምኖቹን እንደምትል አልጠየቃትም። ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ለቪዲዮው ብዬ ነው፣ አዙ። ሁሉም መኪና ተውባ፣ የእኛ ብቻ ሹሩባዋን ስታወዛውዝ… ለአንድ ቀን ብዬ ፈታኋቸው።»

«የት ናቸው?»

«ይትባረክ ግቢ። ሰሚት።»

«ሄደህ አምጣቸው።»

«ግቢው ተቆልፏል። ሙሽሮቹ ቢሾፍቱ ሄደዋል፤ ዘበኛው ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው።»

አዝመራ መጮህ ፈልጋ ነበር። ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ ብርጭቆው አጠገብ አስቀመጠችው።

«አንተ አድርስ። ራሕማንም አንተ አነጋግራት።»

«እኔ እንኳን ከሆቴሎቹ ጋር…»

«ላጲሶ። ሂድ።»

ሄደ። አምስት ሰዓት ላይ ሲመለስ ሠላሳ ስድስቱም አንሶላ ከሸራው ሥር ናቸው። ልብሱ እስከ ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ሆኗል። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ሁሉንም አንድ በአንድ አስዘረጋችኝ። ሠራተኞቹ ሁሉ እያዩ። ‹አዝመራ ደህና አይደለችም እንዴ?› አለችኝ። ደህና ናት ስላት ‹ታዲያ ይኼ ምንድን ነው?› አለች። ምን ልበላት?»

«ምን አልካት?»

«ለቪዲዮ ነው ልላት ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት።»

አዝመራ አልሳቀችም። እስሮቹን ለራሱ አስወረደችው። እሱም ሳይጠየቅ ማሽኑን ሞላ፤ ሳሙናውን ለክቶ ጨመረና ከማሽኑ ፊት ቆሞ ቀረ። ውሃው መዞር ሲጀምር ጀርባውን እንደሰጣት ተናገረ።

«የትከሻሽን ነገር… ሙሉ በሙሉ ውሸቴን አልነበረም።»

«ትከሻዬ እንደቀለለው አውቃለሁ» አለች። ይህን ጮክ ብላ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው፤ ሲወጣም አናደዳት። «እኔ የማላልፈው ሳትጠይቀኝ ማድረግህን ነው። በመኪናዋ የምሠራው እኔ ነኝ። ጭቃውን የምታገለው እኔ። ራሕማ ፊት የምቆመው እኔ። አንተ ሁለት ጊዜ ሳትጠይቀኝ ነካሃት፤ ሁለቱንም ጊዜ ለሰው ዓይን ብለህ።»

ላጲሶ ዞረ። «ልክ ነሽ» አለ።

ከሰዓት በኋላ በታክሲ ሰሚት ሄዶ መከላከያዎቹን በከረጢት ይዞ መጣ። ዝናቡ አላባራም። ፒካፗ ስር ካርቶን ዘርግቶ ተኛና ስምንቱን ብሎን መለሰ። አዝመራ ጃንጥላ አልያዘችለትም። ሲጨርስ ጎንበስ ብላ የግራውን ያዘችና ሳበችው፤ ተነቃነቀ። መፍቻውን ከእጁ ተቀብላ ራሷ አጠበቀችው።

በማግስቱ አንሶላውን አብረው አደረሱ። ራሕማ እያንዳንዱን ገልጣ አየች፤ አንድም አልመለሰችም። ለላጲሶ ሰላምታ የሰጠችው ግን ፈርማ ከጨረሰች በኋላ ነው።

ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ አዝመራ አምስት ጥብጣብ ቀይራለች። ጋሽ ኑሪ ትርፍ ቆርጠው ሰጥተዋት መሳቢያዋ ውስጥ አስቀምጣለች። ላጲሶ በመስከረም ከሥር የሚሸከማትን ባሌስትራ አስተካክሎ ፒካፗን ወደ ድሮ ቁመቷ እንደሚመልሳት ቃል ገብቶ ነበር። ይኸው ጥቅምት ገባ። ሲጠየቅ «ጋራዡ ሥራ በዝቶበታል» ይላል። አዝመራም ከዚያ በኋላ አጥብቃ አልጠየቀችውም፤ ዛሬ ጠዋት ግን የሠፈሩ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ የፒካፗ ሆድ ሲፋቅ፣ መሃል መንገድ ላይ አቁማ ቃሉን ልታስታውሰው ደወለችለት።